ለእግረኛ፣ ለብስክሌትና ለአውቶቡስ የሚመች መንገድ እንዴት ይታቀዳል? ከጠርዝ ወደ መሃል

መንገድ ሲታቀድ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ከመሃሉ ነው። ለመኪና ስንት መስመር እንደሚያስፈልግ ይሰላል፣ መስመሮቹ ይሰመራሉ፣ ከዚያ የተረፈችው ጠባብ ቁራጭ ለእግረኛው ትተውለታለች። በዚያች ቁራጭ ላይ ደግሞ የመብራት ምሰሶው፣ የማስታወቂያ ሰሌዳው፣ ክዳኑ የተሰበረ ማንሆልና የቆመ መኪና ይደረደሩባታል። እግረኛው መሄጃ ሲያጣ አስፋልቱ ላይ ይወርዳል፤ ሲገጭም "አስፋልት ላይ ምን ይሠራ ነበር?" ይባላል።

ይህ መመሪያ ተራውን ይገለብጠዋል። ሜትሩ የሚዘረጋው ከሕንፃው ግድግዳ ነው። በመጀመሪያ በእግሩ ለሚሄደው፣ ቀጥሎ አውቶቡስ ለሚጠብቀው፣ ከዚያ ብስክሌት ለሚነዳው የሚበቃ ቦታ ይያዛል፤ መኪናው በቀረው ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓመት 1.19 ሚሊዮን ገደማ ሰው በመንገድ አደጋ እንደሚሞት፣ ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች እንደሆኑ ገልጿል። ከእነዚህ ሰዎች የብዙዎቹ ዕጣ የሚወሰነው ወረቀት ላይ፣ አንድ ባለሙያ ስፋትና ፍጥነት በሚመርጥበት ሰዓት ነው።

1. ከሁሉ በፊት ፍጥነቱን ወስኑ

ስለ ቀለምም ስለ ድንጋይም ከመነጋገራችሁ በፊት ለአንድ ጥያቄ መልስ ስጡ፦ በዚህ መንገድ ላይ መኪና በስንት ይሂድ? የቀረው ሁሉ ከዚህ ይከተላል።

ሒሳቡን እንሥራው። በሰዓት 30 ኪ.ሜ. የሚሄድ መኪና ሹፌሩ አደጋውን ዐይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ባለችው 1 ሰከንድ 8.3 ሜትር ይጓዛል። በደረቅ አስፋልት ላይ ለመቆም ሌላ 5 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። በድምሩ 13 ሜትር ላይ ቆሟል ማለት ነው። በ50 ኪ.ሜ. የሚሄደው ግን በዚያችው 1 ሰከንድ ውስጥ 13.9 ሜትር ሄዷል። አንድ ሕፃን ኳሱን ተከትሎ ከመኪናው ፊት 13.5 ሜትር ላይ ቢገባ የመጀመሪያው ሹፌር ጥቂት ሳንቲ ሜትር ሲቀረው ይቆማል። ሁለተኛው ልጁን የሚገጨው ገና ፍሬን ሳይነካ፣ በሙሉ 50 ፍጥነቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚጠቀምበት ስሌትም አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሞት የሚያስከትል አደጋ የመድረስ ዕድል በ4 በመቶ ያህል እንደሚጨምር ያሳያል።

ስለዚህ ሰውና መኪና በሚደባለቁበት፣ ትምህርት ቤት፣ ገበያ፣ ጤና ተቋም ወይም መኖሪያ ባለበት መንገድ ሁሉ 30ን ያዙ። 50 የግድ በሚያስፈልግበት ዋና መንገድ ላይ ብስክሌቱ በአካል ይለይ፤ እግረኛውም የሚሻገረው በትራፊክ መብራት ወይም ከፍ ተደርጎ በተሠራ ማቋረጫ ብቻ ይሁን። የፍጥነት ገደብ ምልክት መትከል አስፈላጊ ነው፤ ብቻውን ግን አያዘገይም። ሹፌር የሚታዘዘው መንገዱ በቅርጹ የሚነግረውን ነው። ሰፊና ቀጥ ያለ መስመር ሠርቶ 30 የሚል ሰሌዳ ማቆም ሹፌሩን ከሁለት ጌታ ጋር ማገናኘት ነው።

ውጤቱ ተስፋ ብቻ አይደለም። ሄልሲንኪና ኦስሎ እ.ኤ.አ. 2019ን አንድም እግረኛ በመኪና አደጋ ሳይሞትባቸው ጨርሰዋል። ሁለቱም ለዓመታት ፍጥነት ሲቀንሱና ከመኪና ላይ ቦታ እየወሰዱ ለሌላው ሲሰጡ የቆዩ ከተሞች ናቸው።

2. መንገዱን በእግራችሁ መርምሩ

ካለፉት 3 እስከ 5 ዓመታት ያለውን የአደጋ መዝገብ ሰብስቡና እያንዳንዱን አደጋ በካርታ ላይ አስፍሩ፦ ሰዓቱን፣ ብርሃኑን፣ ማን ወዴት ሲሄድ እንደነበር። መዝገቡ ሁሉንም እንደማይዝ ግን አስታውሱ። ብስክሌተኛ ቦይ ውስጥ ገብቶ ብቻውን ቢወድቅ ብዙ ጊዜ ለፖሊስ የሚያመለክት የለም። የጤና ተቋማትን መዝገብ ጠይቁ፤ ቀኑን ሙሉ መንገዱ ዳር የሚውሉ ነጋዴዎችንም አነጋግሩ፤ የቱ ጥግ ላይ ፍሬን እንደሚያንቋርር ከማንም በላይ እነሱ ያውቃሉ።

ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ። ጠዋት የሥራ መግቢያ፣ ተማሪዎች ሲለቀቁ፣ ሲመሻሽና ዝናብ ሲዘንብ፣ እያንዳንዱን 2 ሰዓት። የሚሮጠው ማነው? መሃል ላይ ቆሞ የሚቀረው ማነው? መኪና ድንገት ፍሬን የሚይዘው የት ላይ ነው? ሣር ላይ የተረገጠ ዱካ፣ የተጣመመ አጥር፣ በመንገዱ መሃል ባለው አካፋይ ላይ ያረፈ የጫማ ጭቃ ሰው በእውነት የሚሻገርበትን ቦታ ይናገራሉ። ማቋረጫው መሠራት ያለበት እዚያ ነው።

ስትቆጥሩ ተሽከርካሪን ሳይሆን ሰውን ቁጠሩ። 60 ሰው የጫነ አውቶቡስ 60 ተብሎ ይመዝገብ። ሕፃናትን፣ አረጋውያንን፣ ዊልቸር ተጠቃሚዎችንና ሸክም የያዙትን ለብቻ ጻፉ። ዊልቸር ተጠቃሚ አንድም ካላያችሁ "ፈላጊ የለም" ብላችሁ አትደምድሙ፤ መውጣት ስላልቻሉ ሊሆን ይችላልና።

ፍጥነት ለመለካት የግድ ራዳር አያስፈልግም። መንገዱ ዳር በሜትር 50 ሜትር ለክታችሁ ሁለት ምልክት አድርጉ፤ መኪናው ከመጀመሪያው እስከ ሁለተኛው የወሰደበትን ጊዜ በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። 6 ሰከንድ ከወሰደ ፍጥነቱ 30 ነው፤ 4.5 ሰከንድ ከሆነ 40፤ 3.6 ሰከንድ ከሆነ 50። ቢያንስ 100 መኪና ለኩ፤ ከፊቱ ሌላ መኪና የያዘውን ዝለሉት። ከቀርፋፋው ወደ ፈጣኑ ስትደረድሯቸው 85ኛው ላይ የምታገኙት ቁጥር የመንገዱ ትክክለኛ ፍጥነት ተደርጎ ይወሰዳል። አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሳችሁ መንገዱ ዳር አትቁሙ፤ ሹፌሮች ስለሚቀንሱ ልኬቱ ይዋሻል።

3. ስፋቱን አከፋፍሉ

ከግድግዳ እስከ ግድግዳ 20 ሜትር የሆነ መንገድ እንውሰድ። በሁለቱም በኩል ለእግረኛ 3 ሜትር ስንይዝ 6 ይሆናል። የብስክሌት መስመር በእያንዳንዱ ወገን 2 ሜትር፣ ድምሩ 4። ብስክሌቱን ከመኪና የሚለይ መከለያ 75 ሳ.ሜ. በሁለት፣ 1.5። ለመኪናና ለአውቶቡስ በየአቅጣጫው አንድ የ3.25 ሜትር መስመር፣ 6.5። የቀረው 2 ሜትር መሃል ላይ የእግረኛ መቆሚያ ይሆናል። ሒሳቡ ሞልቶ 20 ሜትር ወጣ። መኪና ማቆሚያ የለበትም። ማቆሚያ በአንድ ወገን ብቻ እንኳ 2.2 ሜትር ገደማ ይፈልጋል፤ ይህም ከአንድ ሙሉ የብስክሌት መስመር ይበልጣል። በሚቀርበው አማራጭ ላይ ይህ ልውውጥ በግልጽ ይጻፍ።

አውቶቡስ በብዛት የሚያልፍበት 30 ሜትር መንገድ ከሆነ ደግሞ፦ እግረኛ 4 ሜትር በሁለት፣ ብስክሌት 2 በሁለት፣ መከለያ 1 በሁለት፣ የአውቶቡስ ብቻ መስመር 3.5 በሁለት፣ መኪና 3 በሁለት፣ መሃል 3 ሜትር። አንድ የድብልቅ ትራፊክ መስመር በሰዓት ከ600 እስከ 1,600 ሰው ሲያሳልፍ፣ ተመሳሳይ ስፋት ያለው የአውቶቡስ ብቻ መስመር ከ4,000 እስከ 8,000 ያደርሳል። "መንገዱ ጠበበብን" ለሚል ሹፌር የሚሰጠው መልስ እዚህ ቁጥር ውስጥ አለ።

የመኪናን መስመር ከ3 ሜትር በላይ ለማስፋት የሚቀርቡ ምክንያቶችን በጥርጣሬ ተመልከቱ። ለአውቶቡስ ከ3.25 እስከ 3.5 ይበቃል። ትርፉ ስፋት የሚጋብዘው ፍጥነትን ነው።

4. የእግረኛ መንገድ

ሁለት ዊልቸሮች እንዲተላለፉ ምንም ነገር የማይቆምበት 1.8 ሜትር ያስፈልጋል። በአውቶቡስ ፌርማታና በገበያ ዙሪያ ከ2.5 እስከ 4 ሜትር ያዙ። ዛፍ፣ ምሰሶ፣ ወንበርና የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ከዚህ ስፋት ውጪ፣ በአስፋልቱ በኩል ባለ የራሳቸው ረድፍ ይደርደሩ። በፕላን ላይ 3 ሜትር የተባለው መንገድ መሬት ላይ 90 ሳ.ሜ. ሆኖ የሚገኘው ይህ ረድፍ ሲረሳ ነው።

ውሃ እንዲፈስ የሚሰጠው የጎን ተዳፋት ከ2 በመቶ አይብለጥ፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ዊልቸሩ ወደ አስፋልቱ ይጎተታል። የመኪና መግቢያ በር ባለበት ሁሉ የእግረኛውን መንገድ ዝቅ ማድረግ የተለመደ ስህተት ነው፤ እግረኛው ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። ደረጃውን ጠብቆ ይቀጥል፤ የሚወጣውም የሚወርደውም መኪናው ይሁን።

ማቋረጫ ላይ ያለው ራምፕ (ከእግረኛ መንገዱ ወደ አስፋልቱ ያለ ደረጃ የሚወረድበት) ተዳፋቱ ከ1፡12 አይብለጥ፤ 1 ሜትር ከፍ ለማለት 12 ሜትር ርዝመት እንደ ማለት ነው። ከርብስቶኑ፣ ማለትም የእግረኛ መንገዱ የጠርዝ ድንጋይ፣ ከፍታው 15 ሳ.ሜ. ከሆነ ራምፑ 1.8 ሜትር ይረዝማል ማለት ነው። ታችኛው ጫፍ ከአስፋልቱ ጋር እኩል ይግጠም። ይህችን ቦታ ጎንበስ ብላችሁ በእጃችሁ ዳስሱ። የዊልቸር የፊት ጎማ ትንሽ ናት፤ 2 ሳ.ሜ. የምታህል እርከን ከተገኘች ጎማዋ ትያዛለች፣ ወንበሩ ባለበት ቀጥ ይላል፣ ሰውየው ወደ ፊት ይወድቃል። ያም የሚሆነው መኪኖች በሚጠብቁበት መሃል ነው። ዓይነ ስውራን ደግሞ መንገዱ የት እንዳለቀ በእግርና በበትር የሚያውቁት ጉብጉብ ባለው ንጣፍ ነው። ንጣፉን ከዳር እስከ ዳር በራምፑ ስፋት አንጥፉ፤ አቅጣጫውም ወደ ማቋረጫው እንጂ ወደ መንገዶቹ መገናኛ መሃል አያመልክት።

5. ማቋረጫ

ሰው የሚሞተው በብዛት ሲሻገር ነውና እዚህ ላይ ጊዜ አትቆጥቡ።

በአንድ አቅጣጫ ሁለት መስመር ባለበት መንገድ ላይ፣ መብራት በሌለበት የተቀባ ዜብራ ወጥመድ ነው። እንዲህ ይሆናል፦ በጠርዙ በኩል ያለው ሚኒባስ ጨዋ ሆኖ ይቆማል፤ እግረኛዋ አመስግና ትገባለች። የቆመው ሚኒባስ እሷን ከሁለተኛው መስመር ጋርዷታል። ከኋላ የሚመጣው መኪና የሚያየው የቆመ ተሽከርካሪ ብቻ ነው፤ አልፎት ለመሄድ ይፈጥናል። ሁለቱ የሚተያዩት 2 ሜትር ሲቀራቸው ነው። መፍትሔው ማቋረጫው ላይ በየአቅጣጫው አንድ መስመር ብቻ መተው ነው። ካልተቻለ የትራፊክ መብራት ይተከል፤ የመቆሚያው መስመርም ከዜብራው ቢያንስ 6 ሜትር ወደ ኋላ ይሳብ፤ እይታ ይከፈታል።

መሃል ላይ የሚሠራው መቆሚያ ጥልቀቱ ቢያንስ 1.8 ሜትር፣ ቢቻል 2 ሜትር ይሁን፤ ጋሪ የምትገፋ እናትና ብስክሌት የያዘ ሰው በሙሉ እንዲገቡበት። ከላይ ባከፋፈልነው 20 ሜትር መንገድ አንድ ሰው የመኪናውን መስመር የሚሻገረው 3.25 ሜትር በ3.25 ሜትር ነው። በሰከንድ 0.8 ሜትር የሚራመዱ አረጋዊ በአንድ ጊዜ ለመኪና የሚጋለጡት ለ4 ሰከንድ ያህል ነው። አራት መስመር ባለው የ14 ሜትር አስፋልት ላይ ቢሆን 17.5 ሰከንድ ይፈጅባቸው ነበር።

ከፍ ብሎ የሚሠራው ማቋረጫ ከእግረኛው መንገድ ጋር ይተካከል፤ ከ10 እስከ 15 ሳ.ሜ. ማለት ነው። የላዩ ጠፍጣፋ ቢያንስ 3 ሜትር፣ አውቶቡስ ባለበት 6 ሜትር ይሁን። የመኪናው መውጫ ተዳፋት 1፡10 ገደማ ሲሆን ፍጥነቱን ወደ 30 ያወርዳል። በአውቶቡስ መስመር ላይ ወደ 1፡15 ወይም 1፡20 አለዝቡት፤ አለዚያ ቆመው የሚጓዙት ይወድቃሉ፣ ሹፌሮቹም ወገባቸው ይጎዳል። በእንዲህ ዓይነት መቀነሻዎች መካከል ያለው ርቀት ከ60 እስከ 80 ሜትር ሲሆን ፍጥነቱ እንደያዘ ይቆያል፤ ሲራራቁ ሹፌሩ በመካከል ያካክሳል። ውሃውን ደግሞ አትርሱ። ከፍ ያለ ማቋረጫ ግድብ ነው፤ ከላይ በኩል የውሃ መቀበያ ወይም በጠርዙ ሥር የሚያሳልፍ ቱቦ ከሌለው በመጀመሪያው ዝናብ ኩሬ ይሠራና እግረኛው ሌላ ቦታ ይፈልጋል።

ከማቋረጫው በፊት ቢያንስ 6 ሜትር መኪና እንዳይቆም በምሰሶ ወይም ወደ ፊት በወጣ ከርብስቶን ዝጉ። በቀለም ብቻ የተከለከለ ቦታ ላይ መኪና ይቆማል። የሌሊት ማብሪያው ምሰሶ ከማቋረጫው ጥቂት ሜትር ቀደም ብሎ፣ መኪና በሚመጣበት በኩል ይተከል፤ ብርሃኑ ሹፌሩ በሚያየው የእግረኛው ጎን ላይ ማረፍ አለበት። ከማቋረጫው ባሻገር የተተከለ መብራት እግረኛውን ጥቁር ጥላ ያደርገዋል።

የእግረኛ ድልድይስ? በከተማ መንገድ ላይ የመጨረሻው አማራጭ ነው። ትልቅ መኪና እንዲያልፍ ወለሉ 5.5 ሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት። በ1፡12 ተዳፋት ለዊልቸር ራምፕ ቢሠራለት ማረፊያዎቹን ሳይጨምር በእያንዳንዱ ወገን 66 ሜትር ይሆናል። 10 ሜትር ለመሻገር ከ130 ሜትር በላይ ዞሮ የሚሄድ ሰው ጥቂት ነው። ብዙዎቹ ከድልድዩ ሥር ይሻገራሉ፤ ሹፌሩ ደግሞ "ድልድይ አለላቸው" ብሎ ይፈጥናል።

6. የማዕዘን ኩርባ

መገናኛ ላይ ያለው ኩርባ ሬዲየሱ ከ3 እስከ 5 ሜትር ቢሆን መኪና የሚታጠፈው ቀስ ብሎ፣ ከ15 ኪ.ሜ. ብዙም ሳይበልጥ ነው። 10 እና 15 ሜትር ሲሆን ሳይቀንስ ይጠመዘዛል፤ ማቋረጫውም ይረዝማል። "የጭነት መኪና አይታጠፍም" የሚል ተቃውሞ ሁልጊዜ ይነሳል። በየቀኑ የሚያልፈው የትኛው እንደሆነ ለዩ። 12 ሜትር አውቶቡስ በቋሚነት ይታጠፍበት ከሆነ ለእሱ ይነደፍ። አልፎ አልፎ የሚመጣው ትልቅ ተሽከርካሪ የጎን መስመሩን ቆርጦ ቢታጠፍ ችግር የለውም። የእሳት አደጋና የአምቡላንስ ሹፌሮችን ቦታው ላይ አምጥታችሁ በኮን ሞክሩት፤ ክርክሩ በግማሽ ሰዓት ያልቃል።

7. ብስክሌት

አንድ አቅጣጫ ያለው መስመር 2 ሜትር፣ በጣም ከጠበበ 1.5፤ ሁለት አቅጣጫ ከሆነ 3 ሜትር። ከቆሙ መኪኖች አጠገብ የሚያልፍ ከሆነ የሚከፈት በር ወደ መስመሩ ስለሚዘረጋ መከለያው ከ75 ሳ.ሜ. አይነስ። አጠገቡ ያለው ከርብስቶን ዝቅ ያለ ወይም ዘመም ያለ ይሁን፤ ቀጥ ያለና ረጅም ከሆነ ፔዳል ስለሚይዝ ብስክሌተኛው ይሸሸዋል፣ 2 ሜትር ያላችሁት መስመር ወደ 1.75 ይወርዳል። የውሃ መውረጃ ፍርግርግ ክፍተቱ ለጉዞው አቅጣጫ አግድም ይሁን። ርዝመቱን ተከትሎ ከተገጠመ ቀጭን ጎማ ይገባበታል።

መስመሩ መገናኛ ላይ ሲደርስ መቋረጥ የለበትም፤ አደጋው ያለው እዚያ ነውና። ከዋናው መንገድ ከ5 እስከ 6 ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገፋ አድርጋችሁ አሻግሩት፤ የሚታጠፍ አንድ መኪና መንገድ ሳይዘጋ ቆሞ ብስክሌተኛውን ፊት ለፊት ያየዋል።

8. ፌርማታና የትራፊክ መብራት

ፌርማታን ከመገናኛው ባሻገር አድርጉት፤ ከአውቶቡስ የወረደ ሰው ከአውቶቡሱ ኋላ ይሻገራል እንጂ ከፊቱ ተከልሎ አይገባም። ርቀታቸው ከ300 እስከ 500 ሜትር፣ የመሳፈሪያው ርዝመት ለ12 ሜትር አውቶቡስ 15 ሜትር። እያንዳንዱ ፌርማታ የራሱ ማቋረጫ ይኑረው፤ ጠዋት በዚህ ወገን የተሳፈረ ማታ በዚያኛው መውረዱ አይቀርም። የብስክሌት መስመር ካለ ከመሳፈሪያው ጀርባ ይዙር። መሳፈሪያው ቢያንስ 2.5 ሜትር ይስፋ፤ ብስክሌቱ ደግሞ እዚያ ጋ ወደ 1.5 ጠብቦና ከፍ ብሎ በትንሽ ዜብራ ይለፍ፤ ቅድሚያው የተሳፋሪ ነው።

መብራት ላይ የእግረኛውን አረንጓዴ በሰከንድ 1.2 ሜትር እርምጃ ማስላት ጤነኛ ወጣትን መለኪያ ማድረግ ነው። በ0.8 ወይም በ1 ሜትር አስሉ። መኪኖች ከመለቀቃቸው ከ3 እስከ 7 ሰከንድ ቀደም ብሎ እግረኛው ይለቀቅ፤ ሊታጠፍ የሚመጣው ሹፌር ሰውን መሃል ላይ ያገኘዋል፣ ያየዋል። የመብራቱ ሙሉ ዑደት፣ ከአንድ አረንጓዴ እስከ ቀጣዩ አረንጓዴ፣ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ይሁን። ከ30 ሰከንድ በላይ የጠበቀ እግረኛ በቀይ መግባት ይጀምራል፤ ይህን በቅጣት ሳይሆን በሰዓት አጠባበቅ አስተካክሉት።

9. ሞክሩ፣ ከዚያ በድንጋይ ሥሩ

ንድፉን በቀለም፣ በኮን፣ በከባድ የአበባ ገንዳና በሚፈታ የጎማ መቀነሻ መሬት ላይ አውርዱት። ለጥቂት ወራት ይቆይ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በሚነሳው ጩኸት አትፍረዱ፣ ሹፌሮች ገና እየለመዱ ነው። የባለሱቆችን የዕቃ ማውረጃ ሰዓት፣ የአካል ጉዳተኞችን አስተያየትና የአውቶቡስ ሹፌሮችን ቅሬታ በዚህ ጊዜ ሰብስቡ፤ ገንዳ መግፋት ኮንክሪት ከመስበር ይቀላል።

ቅድም የለካችሁትን በተመሳሳይ ቦታ፣ ቀንና ሰዓት ድጋሚ ለኩ፦ 85ኛው ፍጥነት፣ ለእግረኛ የሚቆሙት ሹፌሮች ከመቶ ስንት እንደሆኑ፣ የሴቶች፣ የሕፃናትና የአረጋውያን ቁጥር። በጥቂት ወራት የአደጋ ብዛት አትመኩ። አንድ ቦታ የተመረጠው ባለፈው ዓመት አደጋ በዝቶበት ከሆነ ምንም ባይሠራ እንኳ በሚቀጥለው ዓመት ቁጥሩ ሊቀንስ ይችላል። ለዚህ ከ3 እስከ 5 ዓመት መጠበቅ ያስፈልጋል።

በቋሚ ግንባታው ጊዜ ተቋራጩ በሁለቱም በኩል ቆፍሮ እግረኛውን አስፋልት ላይ እንዳያወርደው ውሉ ላይ ጻፉ፤ 1.5 ሜትር ጊዜያዊ መተላለፊያ ከጊዜያዊ ራምፕ ጋር፣ ከቁፋሮው በጠንካራ አጥር የተለየ። በፕላስቲክ ገመድ የታጠረ ጉድጓድ ዓይነ ስውርን አያስቆምም። ከርክክብ በፊት ከፕላኑ ጋር አንድ ዊልቸር፣ አንድ ብስክሌትና ሜትር ይዛችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሂዱ። ማታ ደግሞ ተመለሱና መብራቱ የት እንደሚያርፍ እዩ። ከአስፋልቱ ጋር ያልገጠመ ራምፕ፣ ተንጋዶ የተገጠመ ፍርግርግ፣ መሃል የተተከለ ምሰሶ ሁሉ በዚህ ጉዞ ይገኛል፤ የመጨረሻው ክፍያ ከመፈረሙ በፊት ይስተካከል። የዜብራው ቀለም በየስንት ጊዜው እንደሚታደስና ማን እንደሚያድሰውም በዚያው ሰነድ ላይ ይስፈር።